በማጠፊያው በኩል

ጋሽ ሚሊ ሰው መናቅ ይወድ ነበር። ይሄን ስል ላማው ብዬ አይደለም፤ እሱ ራሱ ቢጠይቁት አይክድም። ሙሉ ቅጽል ስሙ ሚሊሜትር ነው። አርባ ዓመት በርና መስኮት ሲሰቅል፣ የተንጋደደውን ሲያቃና፣ ነፋስና አቧራ የሚያስገባውን ስንጥቅ ሲያሽግ የኖረ አናጢ ነው፤ በዚያ ሁሉ ዓመት የሌላ ሰው ሥራ አይቶ «ደህና ነው» ብሎ አያውቅም። የሰው ቤት ገብቶ ሻይ ሲቀርብለት እንኳ መጀመሪያ የሚያየው ብርጭቆውን ሳይሆን የበሩን መቃን ነው። አይቶ ከንፈሩን ይመጥጣል። ባለቤቱ ደንግጦ «ምነው ጋሼ?» ሲለው «ኧረ ምንም፤ ለፍየል ይበቃል» ይላል።

ከሁሉ አብልጦ የሚንቀው ግን ከሱቁ ሁለት በር አልፎ የሚሠራውን አናጢ ነበር። ያ ሰው ይፈጥናል። ጠዋት ይጠራል፣ ለምሳ ይጨርሳል፣ በሳምንቱ በሩ ይወድቃል። ስፖንጅ በሙጫ ለጠፍ ለጠፍ አድርጎ «ታሽጓል» ይላል። ያልገጠመውን ሁሉ በሚረጭ ፎም ይሞላዋል፤ ፎሙ ኩፍ እንዳለ ሊጥ ከስንጥቁ ፈንድቶ ይወጣና እዚያው ይደርቃል። «ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ» ይባል የለ? ጋሽ ሚሊ አንድ ቀን በሰው ፊት «አንተ ሰንበሌጥ!» አለው፤ ስሙ በዚያው ጸደቀ። ሚስቱ እንኳ እንደዚያ ትጠራዋለች እየተባለ ይወራል። ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ሲሠሩ ጋሽ ሚሊ አንድ ቀን «ና ቁጭ በል» ብሎት አያውቅም። ሰንበሌጥ ሞረድ ሊዋስ ሲመጣ ቆሞ ይለምናል፣ ቆሞ ይሰደባል፣ እየሳቀ ይሄዳል።

ታዲያ አቧራው ሰማዩን በያዘበት ሰሞን አንድ ሰውዬ ደወለለትና ቤቱን እንዲያሽግለት ጠየቀው። አሠልጣኝ ነኝ አለ። ምን እንደሚያሠለጥን ጋሽ ሚሊ የገባው በኋላ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ያየው መስኮቶቹን ነበር።

«ማነው የገጠማቸው?»

«የቤቱ ኮንትራክተር ነው ጋሼ።»

«ዓይን ነበረው?»

አሠልጣኙ ሳቀ። ሳቁም የተለማመደው ነው፤ ስንት ጥርስ መታየት እንዳለበት የሚያውቅ ዓይነት። «ልክ ነዎት፣ ልክ ነዎት» አለ ራሱን እየነቀነቀ። ጋሽ ሚሊ እንዲህ ቶሎ የሚስማማ ሰው አይወድም። ሚስትየዋ ደግሞ ከኋላ ቆማ የቆሸሸ ጫማውን በዓይኗ ስትከተል ነበር። እሷንም ናቃት።

ወደ ሥራው ገባ። ጋሽ ሚሊ ነፋስን በእጁ አይፈልግም፤ እጅ ይዋሻል ይላል። ቀጭን ነጭ ክር በዘንግ ጫፍ ላይ አስሮ ይዞራል። ስንጥቁ ፊት ያንጠለጥለዋል፤ ክሩ ከተወዛወዘ ነፋስ አለ፣ ካልተወዛወዘ የለም፣ ወሬ አያስፈልግም። በሳሎኑ መስኮቶች ክሩ እንደ እብድ ጨፈረ። አሮጌውን ስቱኮ ፍቆ ጣለ፣ ያበጠውን እንጨት ላገ፣ መስታወቱን ዙሪያውን በሲልከን ሞላ፣ ማረፊያዎቹ ላይ ላስቲክ ለጠፈ። ሲጨርስ መስኮቱን ወረቀት አስነክሶ ይዘጋና ባለቤቱን «ሳብ» ይለዋል። ወረቀቱ ተስቦ ከወጣ ሥራው ልል ነው።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለ እንደ ልማዱ። «ጥሩ መስኮትም ሦስተኛቸው ነው።»

አሠልጣኙ ሳበ፤ ወረቀቱ ተቀደደ እንጂ አልወጣም። ሳሎኑ ጸጥ አለ። የመንገዱ ጩኸት ራቀ፣ አቧራው ቆመ። እውነቱን ለመናገር ጋሽ ሚሊን የመሰለ ባለሙያ በዚያ አካባቢ የለም፤ ችግሩ ይሄንን ከማንም በፊት የሚናገረው እሱ መሆኑ ነው።

መስኮቶቹ ሁለት ቀን ፈጁ። በሁለተኛው ቀን አሠልጣኙ ከሳሎኑ ጎን ባለችው ትንሽ ክፍል ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ሲያስተምር ጋሽ ሚሊ ሰማው። በሩ ገርበብ ብሏል።

«ውድ ሠልጣኞች፣ መስማትና ማዳመጥ ይለያያሉ። መስማት የጆሮ ነው፣ ማዳመጥ ግን የልብ ነው። አንድ መሪ ሰው ሲጠራው…»

«ማነው?» አለ ከኮሪደሩ መጨረሻ አንድ የደከመ ድምፅ። «ማነው እዚያ ያለው? ውሃ አቀብሉኝ እስቲ።»

አሠልጣኙ ጉሮሮውን ጠረገ። «…ሰው ሲጠራው ሁለመናውን ይሰጣል» ብሎ ቀጠለ።

ሚስትየዋ በነጠላ ጫማዋ እየተንሸራተተች ወደ ኮሪደሩ ሄደች። በሩን ሳትከፍት አፏን አስጠግታ «እሽሽ! ሥራ ላይ ነው!» አለችና ተመለሰች። ጋሽ ሚሊ መሮው እጁ ላይ ቀረ። ወይ ጉድ! የማዳመጥ አስተማሪ ነው ለካ ይሄ ሰውዬ። ለዚህም ሰው ይከፍለዋል!

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አሠልጣኙ ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ ወሰደው።

«የቀረን ይሄ በር ነው። ዋናው ነፋስ የሚመጣው ከዚህ ነው።»

ጋሽ ሚሊ ክሩን አንጠለጠለ። ከላይ አየ፣ ከጎን አየ፣ ተንበርክኮ ከታች አየ። በበሩና በወለሉ መካከል ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ክሩ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ከዚህ ነፋስ አይመጣም።»

«ቢሆንም ይታሸግ።»

«የሌለ ነፋስ ምን ብዬ ላሽግ?»

ሚስትየዋ ከኋላ ጣልቃ ገባች። «ላስቲኩ ድምፅም ይቀንሳል አይደል? ባለፈው አንዱ ሠልጣኝ 'ሰው እየጠራዎት ነው' አለው እኮ። እንዴት ያሳፍራል!»

«ጥብቅ ተደርጎ ይዘጋ» አለ አሠልጣኙ ድምፁን አለስልሶ። «ትንሽም ክፍተት እንዳይቀር።»

ጋሽ ሚሊ በሩን ከፍቶ ገባ። አልጋ ላይ ሰማንያውን ያለፉ ሴት ተኝተዋል፤ ፊታቸው ወደ በሩ ነው።

«ማነው?»

«አናጢው ነኝ እማማ።»

«እሰይ፣ ሰው መጣ!» አሉ። «ልጄ፣ እግርህ ካልደከመ ያንን ውሃ አቀብለኝ።»

ውሃው ጠረጴዛው ላይ ነው። ጋሽ ሚሊ ልማድ ሆኖበት በዓይኑ ለካው፤ ከእጃቸው እስከ ብርጭቆው አንድ ሜትር ከሃያ። አቀበላቸው። ጠጥተው ሲጨርሱ ጠረጴዛውን ጎትቶ ከአልጋው ጋር አጋጠመው። ይሄን ለማድረግ ሥልጠና አላስፈለገውም።

«ልጅዎ ነው አሠልጣኙ?»

«አዎ፣ አንድዬ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፣ ሥራ ይበዛበታል። እኔ ነኝ አፌ አላርፍ ያለኝ። ደወል እንኳ ገዝቶልኝ ነበር፤ አበዛሁት መሰለኝ፣ ባትሪው አለቀ ብሎ ወሰደው።» ከዚያ በእጁ የያዘውን ጥቅል ላስቲክ አዩ። «በሩን ልትደፍነው ነው?»

ጋሽ ሚሊ ጥቅሉን ወደ ኋላው ደበቀው።

«ባለፈው ወር ከዚህ አልጋ ወደቅኩ» አሉ። «ዳሌዬ እንደሆነ ድሮም ተሰብሯል፣ መነሣት የለም። በሩ ተዘግቷል። ብጠራ ብጠራ የሚሰማኝ አጣሁ። ኋላ በደረቴ ተጎትቼ አፌን ታች ካለችው ክፍተት ላይ አድርጌ ተጣራሁ። በዚያች ነው ምራቴ የሰማችኝ። አንተ ባለሙያ ነህ፣ ሥራህን አላስተምርህም። ግን እሷን ብቻ ተውልኝ ልጄ። እንደገና ብወድቅ በምን ልጣራ?»

አንጀቱን በሉት። የወላድ መካን ማለት እኒህ ናቸው አለ በሆዱ። ብድግ ብሎ ወጣና ወደ አሠልጣኙ ክፍል ሳያንኳኳ ገባ።

«ስማ፣ እናትህ ወድቀው የተረፉት በዚያች ክፍተት ነው። እሷን ድፈን ትለኛለህ እንዴ?»

አሠልጣኙ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። ወንበሩን ወደ ጋሽ ሚሊ አዞረ፣ እጆቹን አጣመረ፣ ትክ ብሎ አየው።

«ማለትም፣ በትክክል ገብቶኝ ከሆነ፣ ስለ እናቴ ተጨንቀዋል።»

«ተጨነቅኩ የሚል ቃል አልወጣኝም። የምትሠራው ነውር ነው አልኩህ እንጂ።»

«ስሜትዎን እረዳለሁ። ስላካፈሉኝም አመሰግናለሁ።» ራሱን ነቀነቀ። «ሥራው ካልተመቸዎት ግን አላስገድድዎትም። እዚያው እርስዎ ሱቅ አጠገብ ያለውን ሰውዬ አናግሬዋለሁ፤ በግማሽ ቀን እጨርሰዋለሁ ብሎኛል።»

አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ የሚባለው ይሄ ነው! ጋሽ ሚሊ ቆሽቱ አረረ። መሣሪያውን ሰብስቦ ጥሎት ቢወጣ ደስ ባለው፤ ግን እሱ በወጣበት ሰንበሌጥ ይገባል፣ ያንን ፎሙን ከላይ እስከ ታች ይረጨዋል፣ የእናትየዋ ነገር በዚያው ያበቃል። ኮሪደሩ ላይ ላስቲኩን ታቅፎ ቆመ። በአርባ ዓመት ሥራው ቆሞ ሲያስብ የዚያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላስቲክ የሚለጠፈው መዝጊያው ሄዶ በሚያርፍበት በኩል ነው። በማጠፊያው በኩል ወፍራም ላስቲክ የለጠፈ ሰው በሩን አበላሸው ማለት ነው፤ መዝጊያው ሲገፋ ላስቲኩ መልሶ ይገፋዋል፣ የቁልፉ ምላስ ከማረፊያው አይደርስም፣ እጅ ሲለቀው በሩ አንድ ስንዝር ወለል ይላል። ይሄን ጀማሪም ያውቃል። ሰንበሌጥ እንኳ ያውቃል።

ጋሽ ሚሊ ከሣጥኑ ውስጥ ያለውን በጣም ወፍራም ላስቲክ አወጣ። በማጠፊያው በኩል ለጠፈው። ጠማማ አድርጎ ልለጥፍ ቢል እጁ እምቢ አለው፤ ለክቶ፣ አስምሮ፣ ከላይ እስከ ታች በአንድ ልክ አድርጎ አበላሸው። ነፋስ እንዳይገባ ከበሩ ሥር የሚመታውን ብሩሽም ከወለሉ አንድ ጣት አንሥቶ መታው።

«ዘጋኸው ልጄ?» አሉ እማማ።

«እኔ የሠራሁት ከሆነ አይዘጋም» አላቸው። አልገባቸውም፤ ግን «ተባረክ» አሉት።

አሠልጣኙን ጠራና መዝጊያውን በትከሻው ገፍቶ እንደያዘ ወረቀት አስነከሰው። «ሳብ» አለው። ወረቀቱ አልወጣም። «ሙጫው እስኪይዝ እስከ ነገ በሩን አትዝጉት» ብሎ መሣሪያውን ሰብስቦ ወጣ። መንገዱን ሁሉ ራሱን ሲሰድብ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ስልኩ ጮኸ፤ አሠልጣኙ ነው።

«በሩ አይዘጋም እኮ! እኔ ስገፋው እሱ ይከፈታል!»

«የቤቱ ችግር ነው።»

«ይምጡና ያስተካክሉት!»

«ሥራ ላይ ነኝ» አለና ዘጋበት። እናቱ ስንት ጊዜ ሰምተዋታል ይቺን ቃል፤ ዛሬ እሱ ይስማት።

ግን አሠልጣኝ የሚባል ፍጡር አፉ አያርፍም። ቀትር ሳይደርስ የሰፈሩ ሰዎች በሚጻጻፉበት የስልክ ቡድን ላይ የበሩን ፎቶ ለጠፈው፤ ከሥሩም «ሚሊሜትር ተብዬው ሥራ አያውቅም፤ ወገኖቼ ተጠንቀቁ» ብሎ ጻፈ። ጋሽ ሚሊ የላስቲክና የምስማር መደብር ሲገባ ባለሱቁ ስልኩን ደበቀ። እንጨት ቆራጮቹ «ጋሽ ሚሊ፣ ዛሬ በሴንቲሜትር ነው የምትለካው?» ብለው ሣቁ። ያ በሰው መቃን ከንፈሩን ሲመጥጥ የኖረ ሰውዬ ራሱን አቀርቅሮ ምስማሩን ቆጥሮ ወጣ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ፤ የሱ ስም ገና መቃብሩ ሳይቆፈር አፈር በላ። «እኔ ነኝ ሆን ብዬ ያበላሸሁት» ቢል ደግሞ በሩ በዚያው ቀን ይስተካከላል። ስድቡን ተሸክሞ ሥራውን ቀጠለ።

የከፋው በአምስተኛው ቀን መጣ። ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ሰንበሌጥ የፎም ጣሳዎቹን በጆንያ ተሸክሞ ወደ አሠልጣኙ ቤት ሲሄድ አየው። ሲያልፍ «እስቲ የጌታዬን ስህተት ለማየት ልሂድ!» አለና በጣም ሣቀ።

ጋሽ ሚሊ ተነሣ። ልጥራው አለ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ «ወንድሜ፣ ተወው ያንን በር» ማለት። እስከ መንገዱ ጠርዝ ድረስ ተከተለው። ግን ሃያ ዓመት ለስድብ ብቻ የተከፈተ አፍ ለልመና አልከፈት አለው። ሰንበሌጥን ለምኖ? እሱ? ሰውዬው ጥግ ዞሮ ጠፋ። ጋሽ ሚሊ ተመልሶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። የዚያን ቀን ከንቀቱ ይልቅ ያቺን አሮጊት መውደድ እንዳቃተው ገባው፤ ገብቶትም አልተነሣም። እስከ ከሰዓት በኋላ አንድ ጣውላ እንኳ ሳይነካ እማማ መሬት ላይ ወድቀው የታሸገ በር ሲደበድቡ ይታየው ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰንበሌጥ መጣ። ጆንያውን አወረደና እንደ ልማዱ በሩ ላይ ቆመ።

«ላስቲኩን በማጠፊያው በኩል አየሁት» አለ። «መጀመሪያ ሆዴን ይዤ ሣቅኩ። እሰይ፣ የእጁን አገኘ አልኩ። ከዚያ ለካሁት። ከላይ እስከ ታች አንድ ልክ ነው፤ ፀጉር አያስገባም። እኔ ስሳሳት አውቀዋለሁ ጋሽ ሚሊ፣ ሠላሳ ዓመት ተሳስቻለሁ። የተሳሳተ ሰው እንደዚያ ቀጥ አድርጎ አይሳሳትም። ይሄ ሰውዬ ምን አይቶ ነው ብዬ ቆምኩ። በዚህ መሐል አሮጊቷ 'ማነው?' አሉኝና ወድቀው በዚያች ክፍተት እንደተጣሩ ነገሩኝ።»

ጋሽ ሚሊ ጆንያውን አየ። «ፎሙን ረጨኸው?»

«ምኑን እረጨዋለሁ! መዝጊያውን አወረድኩና ከታች አንድ ስንዝር ቆረጥኩት። አሁን ድመት ጎንበስ ሳትል ታልፋለች። መልሶ የሚደፍነው ካለ ይሞክር።»

«በምን ቆረጥከው?»

«በዚህችው መጋዜ።»

«ቀጥ አለ?»

«የምን ቀጥ! አይጥ የበላው ዳቦ መስሏል።»

ጋሽ ሚሊ ፊቱን አጨማደደ። መቼም ልማድ ነው። «ሰውዬው ዝም አለህ?»

«ምን ያድርግ? ጮኸ። 'ያ የፊተኛው ሥራ የማያውቅ ሰው አበላሽቶብህ ነው እንጂ ሌላ መፍትሔ የለውም' አልኩት። ይቅርታ አድርግልኝ፤ አንተን ሳልሰድብ የሚያምነኝ አልነበረም። በዚያ ላይ ትምህርቱ ሰዓት ደርሶበት እየሮጠ ገባ። ገና አፉን ሲከፍት እማማ 'ውሃ!' አሉ። ቤቱ በሙሉ ሰማ። ያ ሁሉ ሠልጣኝ ሰማ። አንዱ 'ማን ናቸው?' ቢለው፣ ሌባ ሲያዝ እንደሚያደርገው ዓይኑን ወዲህ ወዲያ አደረገና 'እናቴ ናት' አለ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ያ ሁሉ ሰው እያየው ወዴት ያመልጣል? ውሃ ይዞ ሄደ። ነገም ይሄዳል፣ ከነገ ወዲያም ይሄዳል።»

ሁለቱም ትንሽ ሣቁ። ከዚያ ሰንበሌጥ ጆንያውን ማንሣት ጀመረና መልሶ ተወው።

«ስወጣ ተሰናበትኳቸው። 'ስምህን ንገረኝ ልመርቅህ' አሉኝ። 'ሰንበሌጥ ነኝ' አልኳቸው። 'እናትህማ እንደዚያ ብላ አልጠራችህም' አሉኝና ልጄ እያሉ መረቁኝ።»

ይሄን ያለው እየሣቀ ነው። ጋሽ ሚሊ ግን አልሣቀም። ሃያ ዓመት የናቀው ሰው በር ላይ ቆሟል፤ ልብሱ የእንጨት ብናኝ ለብሷል፣ መጋዙ ጥርሱ ግማሹ አልቋል። አንድም ቀን ያቺን መጋዝ አይቶ ከመሳቅ በቀር ምንም አላደረገላትም። ጠዋት መንገድ ላይ አንድ ቃል ሊለው አቅቶት የተመለሰውም እሱ ነው፤ ያልተለመነው ሰውዬ ግን ሳይለመን አደረገው። አፈረ። እንዲህ ማፈሩን በዕድሜው አያስታውስም።

ከበርጩማው ተነሣ። በርጩማውን በእግሩ ወደ በሩ ገፋው።

«ቁጭ በል» አለ።

ሰንበሌጥ በርጩማውን አየው፣ እሱን አየው። «ምነው፣ አመመህ?»

«ቁጭ በል ነው የምልህ! መጋዝህን አምጣው።»

«ምን ልታደርገው ነው?»

«ልሞርደው ነው። እንዲህ ባለ መጋዝ የሰው በር ይቆረጣል?»

ሰንበሌጥ ተቀመጠ። ጋሽ ሚሊ ሞረዱን ከሣጥኑ አወጣና መጋዙን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከመጀመሪያዋ ጥርስ ጀመረ። አንዷን ስሎ ሲጨርስ ወደ ሁለተኛዋ አለፈ። እስኪመሽ ድረስ ለሌላ ደንበኛ አልተነሣም።